የጎረቤቴ ዋንዛና የእኔ ኮረሪማ

ቅቤ የሚነጠርበት፣ በርበሬ የሚዘጋጅበት፣ ሽሮ የሚመጠንበት ቤት ሁሉ ኮረሪማን ያውቃል። የሚያውቀው ግን ፍሬውን ነው፤ ያውም ከደረቀ በኋላ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ተበስቶ በገመድ ተሰክቶ ገበያ ላይ ሲንጠለጠል። ተክሉን ያየ ሰው ጥቂት ነው። እዚህ ጅማ ውስጥ፣ ኮረሪማ ከሚበቅልበት ጫካ የጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ ሆነን፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቅመም ሲሸጡ የኖሩ አንዲት እናት፣ «ዛፉ ትልቅ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ በዓይኔ ግን አላየሁትም» ብለውኛል።

ዛፍ አይደለም። ሐረግም አይደለም። የዝንጅብልና የእርድ የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ከዚያው ከሥሩ እየታደሰ የሚኖር ተክል ነው። ከመሬት ሥር የተጋደመ ግንድ አለው፤ ከእሱ ላይ አንድም ሁለትም ሜትር የሚረዝሙ ዘንጎች ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ ዘንጎቹ ላይ ረዣዥም ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች በግራና በቀኝ ይደረደራሉ። ከሩቅ ያየው ሰው ዝንጅብል በጣም አድጎ ነው ይላል። የሚያስደንቀው አበባውና ፍሬው ነው። ከዘንጉ ጫፍ ላይ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም። አበባው ነጣ ብሎ ወይን ጠጅ ነገር የነካው፣ ውስጡ ቢጫ ጣል ያለበት፣ ከሥሩ አጠገብ ከረገፈው ቅጠል መሐል መሬቱን ታክኮ ይወጣል። ፍሬውም እዚያው መሬት ላይ ሆኖ ይቀላል። ደማቅ ቀይ ነው። ገበያ ላይ የምናየው ቡናማ ነገር በሕይወት ሳለ እንዲህ ያለ ቀለም እንደነበረው ማን ይገምታል?

እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት በጓሮዬ ነው። ነገሩን ያስጀመሩት የባለቤቴ አክስት ናቸው። ከከፋ፣ ከዴቻ ወረዳ ለሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ሰነበቱ። ጠዋት ጠዋት በከዘራቸው እየተደገፉ ጓሮውን ይዞራሉ። ከማድ ቤታችን ጀርባ እስከ አጥሩ ድረስ ያለው ቦታ ያን ጊዜ ለምንም የማይሆን ነበር። በአንድ በኩል የእኛ አቮካዶ፣ በሌላው በኩል ከጎረቤት አጥር ተሻግሮ የሚመጣው የዋንዛ ቅርንጫፍ ከላይ ገጥመውበት ፀሐይ የሚያርፍበት አልፎ አልፎ ነው። ጎመን ተክለንበት ቀጭጮ ቀርቷል። ቲማቲሙ ወደ ላይ እየተሳበ ያለ ፍሬ አልቋል። ባለቤቴ ቅርንጫፉን ማስመልመል ነው የሚያስበው። አክስት ግን ቆመው የረገፈውን ቅጠል በከዘራቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ፣ ጥቁሩን አፈር በእጃቸው አንስተው አሸተቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄማ የኮረሪማ ቦታ ነው። ምነው ባዶውን አስቀመጣችሁት?»

«እማማ፣ ፀሐይ እኮ የለውም።»

«ፀሐይ ምን ያደርግለታል? ኮረሪማ ጥላ ነው የሚፈልገው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጨለማ ጥግ በዓይኔ ሌላ ቦታ ሆነ።

አክስት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሥሩን ከእሳቸው ዘንድ መጥቼ እንድወስድ ነግረውኝ ሄዱ። እኔ ግን እስኪሞላልኝ ድረስ ማድ ቤት ካለኝ ኮረሪማ ላይ መርጬ፣ ልጣጩን ሰብሬ፣ ዘሩን ዘራሁ። አንዱ ፍሬ ውስጥ ከ40 በላይ የሚሆን የሚያብረቀርቅ ቡናማ ዘር አለ፤ ስለዚህ የዘር እጥረት አልነበረብኝም። መደቡን አርሼ፣ ኮምፖስት አልብሼ፣ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁ። ክረምቱ መጥቶ ሄደ። ከዚያ መደብ አንዲት ቅጠል ብቅ አላለችም።

ምክንያቱን ኋላ ላይ አንድ የግብርና ባለሙያ አስረዱኝ። ለገበያ የሚቀርበው ኮረሪማ ብዙ ጊዜ የሚለቀመው ሳይበስል ነው። ገበሬው ፍሬው እስኪቀላ ልጠብቅ ቢል ጦጣ ይቀድመዋል፣ ጃርት ይቀድመዋል፣ አንዳንዴም ሰው ይቀድመዋል፤ ስለዚህ ገና አረንጓዴ ሳለ ይቀነጥሰዋል። ከዚያ በፀሐይ ወይም ከምድጃ በላይ በጭስ ይደርቃል፤ ገበያ ለገበያም ብዙ ይቆያል። ለወጥ የሚበጀው ድርቀት ዘሩን ይገድለዋል። ከበሰለ ቀይ ፍሬ የወጣ ትኩስ ዘር እንኳ ቶሎ አይበቅልም፤ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ቢበቅልም ፍሬ እስኪሰጥ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈልጋል። በሥሩ የተተከለ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ያፈራል፤ የእናቱንም ጠባይ ይዞ ይወጣል። የከፋ ገበሬዎች ሥሩን የሚመርጡት ስለዚህ ነው።

እናም በቦንጋ በኩል ወደ አክስት ዘንድ ሄድኩ።

ከጅማ ቦንጋ መቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ቢል ነው። መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፤ እዚያ ሙቀቱ ይለወጣል፣ ሰው መስኮት ይከፍታል። ጎጀብን ከተሻገሩ በኋላ እንደገና ሽቅብ ነው፤ ደኑም እየቀረበ ይመጣል። የከፋ ደን ለቡና መገኛነቱ ስሙ የተጠራ ነው፤ በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል። ወደ ውስጡ የገባ ሰው ግን ቡና ብቻ አያይም። ከላይ ቀረሮና ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ ሰማዩን ሸፍነዋል። ከእነሱ በታች ቡናው አለ። ከቡናው በታች፣ እርጥቡ መሬት ላይ፣ ኮረሪማው። አንዱ የሌላው ጣሪያ ሆኖ ነው የሚኖረው።

የአክስት ኮረሪማ ከቤታቸው ጀርባ ከእንሰቱ ቀጥሎ ነው ያለው። የተተከለው በእናታቸው ዘመን እንደሆነ ነገሩኝ። ቦታው እየሰፋ ሄዶ አሁን ድንበሩ የት እንደሆነ አይለይም። እዚያ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዩን ፍሬ በእጄ የያዝኩት። አክስት ሰንጥቀው ሰጡኝ። ዘሮቹ ነጭ፣ ጭማቂ ባለው ሥጋ ተጠቅልለዋል፤ ጣዕሙ ጎምዘዝ ብሎ ይጣፍጣል፣ ኋላ ላይ አፍንጫ ድረስ የሚወጣ የኮረሪማ ሽታ ይከተላል። ልጆቹ እንደ ከረሜላ ይመጡታል። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀጠቅጠው የኖርኩት ነገር የሚበላ ፍራፍሬ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሥሩን ያወጡልኝ በቁፋሮ ሳይሆን በጥንቃቄ ነው። ከዳር ያለውን፣ ወጣት ዘንግ ያለበትን፣ አዲስ ቡቃያ የጀመረውን ይመርጣሉ። ከእናቱ በስለት ይለያሉ። አፈሩን ሙሉ በሙሉ አያራግፉም። ዘንጉን አሳጥረው፣ እርጥብ አፈር አልብሰው፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው በገመድ አሰሩልኝ። «አታንቂው፤ ጥልቅ አትቅበሪው። ላይ ላዩን ነው የሚሄደው» አሉኝ። «ቅጠል አልብሺው። ዶሮ እንዳይቀርበው።»

የመመለሻው መኪና ጢም ብሎ ነበር። ረዳቱ ጥቅሌን ተቀብሎ ፖርቶ መጋላው ላይ ወረወረው። ልቤ እዚያው ቀረ። በየመንገዱ ከሰል ይጫናል፣ ዶሮ ይጫናል፣ የሙዝ ዘለላ ይጫናል። ጎጀብ ላይ ሙቀቱ ሲመታን ከላይ ያለችው ጥቅሌ ምን ትሆን እያልኩ ነው የመጣሁት። ጅማ መናኸሪያ ስንደርስ ጨልሟል፣ ዝናብም ጀምሯል። ረዳቱ በኮባ የተጠቀለለ ነገር አወረደልኝ። አቀፍኩት፤ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ልተክል ጥቅሉን ስፈታው ጎደሬ ነው።

ጥሩ ጎደሬ ነበር። ለዘር የተመረጠ፣ ቡቃያው ያማረ። ለሌላ ሰው ዓመት የሚሆን ምግብ ነው። እኔ የፈለግሁት ግን ኮረሪማዬን ነው። ባለቤቴ «ሌላ ጊዜ እናመጣለን» ሲል ተናደድኩበት። አክስት የእናታቸውን ተክል ከፍለው የሰጡኝን ሌላ ሰው በልቶት ይሆናል እያልኩ መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱን ፈልጌ አገኘሁት፤ ጥቅል የጫነ ሰው ብዙ ነው አለኝ። ሌሎቹን ተሳፋሪዎች የሚያውቅ የለም። ጎደሬውን እንደያዝኩ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ስዞር፣ ከወዲያ በኩል አንዲት ነጠላ የተከናነቡ እናት በኮባ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ሲመጡ አየሁ። ሁለታችንም ቆምን።

«ጎደሬዬ ነው የያዝሽው አይደል እናቴ?» አሉኝ።

«አዎ። እርስዎስ የያዙት ኮረሪማ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው። ሌሊት ለነገ ልላጠው ስል ሽታው ሌላ ሆነብኝ። ይሄማ የሰው ነገር ነው፣ ሳይነጋ ልመልስ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ተሳሳምን። ሻይ ጠጣን። ስለ ኮረሪማው ስነግራቸው ልጣጩን በጥፍራቸው ጫር አድርገው እንደገና አሸተቱት። የእኚህን እናት ውለታ አልረሳውም፤ አንድ የሚበላ የመሰለ ነገር እጃቸው ገብቶ፣ በሽታው ብቻ የሰው መሆኑን አውቀው ለመመለስ በጭቃ የመጡ ሰው ናቸው።

በዚያው ቀን ተከልኩት። ወሩ ግንቦት ነበር፤ ዝናቡ ጥሩ ነው። የጅማ አየር ለኮረሪማ የተሰጠ ነው ማለት ይቻላል። ኮረሪማ የሚወደው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ1350 እስከ 2000 ሜትር ድረስ ያለውን ነው፤ ከተማችን ወደ 1750 አካባቢ ናት። ዝናቧም በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ውርጭ እምብዛም አይነካትም። አዲስ አበባ ያለች እህቴ እኔም ልትከል ብላ ነበር፤ ለእሷ ከፍታው ይበዛባታል፤ ብርዱ ቅጠሉን ቢምርላት እንኳ ፍሬ ማየቷ ያጠራጥራል። ሞክሪ አላልኳትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በአጭሩ ልለፈው። ዶሮዎቹ ያለበስኩትን ቅጠል እየጫሩ ሥሩን አወጡት፤ በእሾህ አጠርኩት። በጋው ሲመጣ ውሃ አጠጣሁ። አዳዲስ ዘንጎች ጦር መስለው መሬቱን ወጉ። ተክሉ የሰው ቁመት ሲጠጋ እንቁጣጣሽ መጣ። በበዓሉ ዋዜማ ገበያ ሄጄ ስመለስ ሳሎኑ በሙሉ በሚያምር አረንጓዴ ነገር ተጎዝጉዟል። ቀጤማው አጠር ብሎ ስለታያት በእንግድነት የመጣች የዘመድ ልጅ ጓሮ ወርዳ ረዣዥሙን ሣር አጭዳ ጎዝጉዛልኛለች። ቤቱ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። ልጅቷ በፈገግታ ነው የተቀበለችኝ፤ እኔን ለማስደሰት ብላ ነው። ምን ይባላል? እንኳን አደረሰሽ ብዬ ሳምኳት። በዓሉን በኮረሪማ ቅጠል ላይ ተቀምጠን አከበርን፤ ጎረቤት ሁሉ «ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» እያለ ጠየቀ። ተክሉ ሕይወቱ ከመሬት በታች ስለሆነ አልሞተም። ከሥሩ እንደገና አቆጠቆጠ። አንድ ዓመት ግን ወሰደብኝ።

ዶሮውም መኪናውም ልጅቷም የሚታለፍ ነው። የዋንዛው ነገር ግን አይታለፍም።

ዋንዛው የጎረቤቴ ነው። አባታቸው የተከሉት ነው። መስከረም ላይ በነጭ አበባ ሲሸፈን ንቡ ከሩቅ ይሰማል፤ ፍሬው ሲበስል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እጁ እስኪጣበቅ ይለቅመዋል። በጋ ለበጋ ቅጠሉ ወደ እኛ ግቢ ይረግፋል። ያ ቅጠል ነው የኮረሪማዬን አፈር የሠራው፤ ያ ቅርንጫፍ ነው ከቀትር ፀሐይ የሚያስጥለው። ሆኖም ዋንዛ ማለት ጣውላም ነው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን። አናጢዎች ዋንዛን እያዩ የሚያልፉት በዓይናቸው እየለኩ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ዛፉን ላስቆርጠው ነው። ቅርንጫፉ ወደ እናንተ ስለሚወድቅ ዕቃችሁን አንሱ ልልሽ ነው።»

«ጋሼ፣ ምነው?»

«የልጄ ቤት በርና መስኮት የለውም። ጥር ላይ ሠርጉ ነው። ዛሬ የጣውላ ዋጋ የምታውቂው ነው። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም፤ የአባቴ ተክል ነው።»

«ከሥሩ ያለው ኮረሪማዬስ?»

አሻግረው አዩት። ብዙ ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር ያን ጥግ አስተውለውት አያውቁም ነበር። «ይሄ ነው ኮረሪማ?» አሉ። አንገታቸውን ነቀነቁ። ዝም ተባባልን። ዛፉ የእሳቸው ነው፣ ልጁም የእሳቸው ነው፤ ምን መብት አለኝ? ቅርንጫፎቹን በገመድ እያሰሩ በቀስታ እንዲያወርዱልኝ ብቻ ለመንኳቸው። ቃላቸውን ጠበቁ። ዛፉ በወደቀበት ቀን ከኮረሪማው አንድም ዘንግ አልተሰበረም።

የተሰበረው ጥላው ነው። በማግሥቱ ቀትር ላይ ጓሮ ስወጣ ፀሐይ እንደ ልቧ ወርዳበታለች። የኮረሪማ ቅጠል ሰፊና ስስ ነው፤ በዛፍ መሐል ሾልኮ የሚመጣውን ትንሽ ብርሃን ለመሰብሰብ የተሠራ ነው። ቀጥታ ፀሐይ ሲያገኘው መከላከያ የለውም። መጀመሪያ ጥቁር አረንጓዴነቱ ወደ ቢጫ ሄደ። ቀጥሎ ጫፉ ተጠበሰ፤ ቡናማው እየሰፋ ወደ መሐል ገባ። ሥሩም ላይ ላዩን የሚሄድ በመሆኑ አፈሩ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። ውሃ ሳጠጣ ማታ ቀና ይላል፣ ቀን ተመልሶ ይጠወልጋል። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ገና ጥር አለ፣ የካቲት አለ።

ያላደረግሁት የለም። አሮጌ አንሶላ በእንጨት ወጠርኩ፤ ነፋስ ቀደደው። ሸራ ገዝቼ አለበስኩ፤ ከሥሩ ሙቀቱ ታፍኖ ባሰበት። የኮባ ቅጠል እየቆረጥኩ አጣና ላይ ደረደርኩ፤ እሱ ይሻል ነበር፣ ቶሎ ይደርቃል እንጂ። ያን ጊዜ ነው ባለሙያውን እንደገና የጠየቅሁት። ለቡና ችግኝ እንደሚደረገው ጊዜያዊ ጥላ እንድተክል መከሩኝ። ሰስባኒያ ቶሎ ያድጋል፣ ቅጠሉ ረቂቅ ስለሆነ ብርሃኑን ያጠልለዋል፤ አፈሩንም አይጎዳም። በጎን በጎኑ ሙዝና ኮባ። ከላይ ከላይ ደግሞ ለዘለቄታው ትልቅ ዛፍ። ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምትተክዪው፣ ትንንሾቹ ለጊዜው ይጠብቁልሻል፣ ትልቁ ሲደርስ እነሱን ታነሻለሽ አሉኝ። ጥላውም ቢሆን ልክ አለው፤ ድቅድቅ ካለ ኮረሪማው ቅጠል ብቻ ይሆናል፣ አበባ አይይዝም። የሚፈልገው ነጠብጣብ እያለ የሚወርድ ብርሃን ነው። ጫካው የሚሰጠውን።

ስለ ጥላ ያለኝ አስተሳሰብ የተለወጠው ያኔ ነው። እኛ ጥላ የምንለው ፀሐይ የጎደለበትን ቦታ ነው። ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ጥላ ሲያወራ ስለ ኪሳራ ነው የሚያወራው፤ «ዛፉ ጨለመብን»፣ «ይመልመል»፣ «ይቆረጥ»። ጥላ ግን ራሱ የተሠራ ነገር ነው። የጎረቤቴ አባት ችግኝ ይዘው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ከዚያ የብዙ ዓመት ዝናብ ወርዶ ነው ያ ጥላ የተገኘው። አናጢ ዛፉን ሲገምት ግንዱን ለክቶ ይገምታል። ከሥሩ ያለውን እርጥበት፣ ጥቁሩን አፈር፣ ኮረሪማውን ማንም አይገምተውም። በእኔ ትንሽ ጓሮ የሆነው በደቡብ ምዕራቡ ደን በሰፊው የሚሆን ነው። ዛፉ ሲነሣ ቡናው እንደ ምንም ታግሦ ይቆይ ይሆናል፤ ኮረሪማው ግን አይቆይም። ከደኑ ጋር አብሮ ከሚሄዱት ከፊተኞቹ ነው። አገሩ ደግሞ ጠባብ ነው። በዋናነት የሚገኘው እዚሁ በእኛ ደቡብ ምዕራብና ደቡብ፣ ከፋና ጎፋ፣ ኢሉባቦርና ጅማ፣ ደቡብ ኦሞ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በጎረቤት አገሮች ጥቂት አለ። ስለ ኢትዮጵያ ቅመማ ቅመሞች በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው ሆላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ያንሰን ለኮረሪማ ሰፊ ቦታ የሰጠው በምክንያት ነው፤ ዛሬ ተክሉ የሚጠራበት አፍራሞመም ኮሮሪማ የሚለው ሳይንሳዊ ስምም የተረጋገጠው በእሱ ነው። ለእኛ የየዕለት ወጥ የሆነው ነገር ለዓለም ብርቅ ነው።

የበጋውን መጨረሻ ግማሹ ኮረሪማ አላየውም። ግማሹ ግን ሥሩን ይዞ ተረፈ። ዝናቡ ሲጥል ሰስባኒያው እየተመዘዘ አደገ፤ ዓመት ሳይሞላው ከእኔ ቁመት በላይ ሆኖ ጥላ ጣለ። አንድ ቀን ጎረቤቴ በር አንኳኩተው ገቡ። በፕላስቲክ የተተከለ የዋንዛ ችግኝ ይዘዋል። ልጃቸው ተድሯል፣ በሩም ተሠርቷል።

«ልጄ፣ ይሄን በእናንተ በኩል ትከዪው። በእኔ በኩል ከሆነ ነገ ደግሞ ሌላው ልጄ ያገባል» አሉኝ።

አብረን ተከልነው። አሁን ከጣሪያው በላይ ወጥቷል። እሳቸው በየጊዜው በአጥሩ ላይ ሆነው ያዩታል፤ ከዛፉ ይልቅ ግን የሚጠይቁኝ ስለ ኮረሪማው ነው።

አበባው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ ከመሬቱ ተጣብቆ አየሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ ፍሬዎቹ መቅላት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹን ጦጣ በላቸው። እዚህ ሰፈር ጦጣ ቤተኛ ነው፤ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ሰንጥቆ፣ ሥጋውን መጥጦ፣ ልጣጩን ወደ እኔ ይወረውራል። ከዚያ ወዲያ ቅላቱ ሲጀምር ጠዋት ጠዋት እየዞርኩ በእጄ ጠምዘዝ አድርጌ እለቅማለሁ። መጎተት አይገባም፤ ሥሩን ያናጋዋል።

በልጣጩ እንዳለ አደርቀዋለሁ። ዘሩን የማወጣው ልጠቀምበት ስል ብቻ ነው፤ ተፈልፍሎ የተቀመጠ ኮረሪማ ሽታው ይሸሻል፣ ልጣጩ ውስጥ ያለ ግን ይቆያል። ገበያ ላይ የምትገዙም ብትሆኑ አንዱን ሰብራችሁ እዩ፤ ዘሩ ካላብረቀረቀና እጅ ላይ ሽታውን ካልተወ ዋጋ አትክፈሉበት። ቅቤ ሳነጥር ዘሩን ለስለስ አድርጌ ቆልቼ፣ ደቆስ አድርጌ ከኮሰረቱና ከእርዱ ጋር እጨምረዋለሁ። በስሎና ቀልቶ የተለቀመ ኮረሪማ በአረንጓዴው ተቀንጥሶ ከደረቀው በጣም ይለያል፤ ሽታው ጣፋጭነት አለው፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ለክትፎ የሚሆን ቅቤ በዚህ ካልተነጠረ አሁን አልወድም። አክስት ባለፈው ሲመጡ ከዚያ ቅቤ ቀመሱ። ምንም አላሉም፤ ጓሮ ወርደው ቆዩ፣ ሲመለሱ «ይስፋ፤ ገና አልሰፋም» ብቻ አሉኝ።

ስለዚህ ቡና በሚበቅልበት ወይና ደጋ ያላችሁ፣ በጅማም በቦንጋም በመቱም በሳውላም፣ ከማድ ቤታችሁ ጀርባ ዛፍ ያጨለመው ጥግ ካለ እባካችሁ ዛፉን ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ሥሩን ከጫካ አትንቀሉ፤ ጓሮው ውስጥ ካለው ገበሬ ግዙ ወይም ለምኑ። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሲይዝ፣ ላይ ላዩን ትከሉትና ቅጠል አልብሱት። ዛፍ የሌላችሁ ዛፉን ዘንድሮውኑ ትከሉ፤ ዋንዛ ቢሆን እመርጣለሁ። ጅማ ላላችሁ ደግሞ ከእኔ ጓሮ የሚካፈል ሥር አለ።